ሳይባል የቀረው እልልታ

ሲስተር ብርቄ መሞቷን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ለሥልጠና ባሕር ዳር ሰንብቼ በዚያው ጠዋት ደብረ ታቦር መግባቴ ነበር። አብራኝ የተሳፈረችው ሴት ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ናት። ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና፣ «እንግዲህ ባለ ሰባቷ ሲስተር የለች፤ ማን እልል ሊልልሽ ነው?» አላት።

«የት ሄዳ?» አልኩት እኔ።

«አልሰማህም እንዴ? ዐረፈች እኮ። ትናንት ወደ አገሯ፣ ወደ ጉና ወስደው ቀበሯት።»

አቁምልኝ ብዬ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ እኔም አላውቅም። የወረድኩት ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ ባለሱቁ ምን ልስጥህ ሲለኝ ጥዬው ዞርኩ። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ስልኬን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ። እንዴት ማንም አይደውልልኝም ብዬ ተናደድኩ። ንዴቱ ግን ሰበብ ነው፤ ያንገበገበኝ አፈር ሳላለብሳት መቅረቴ ነበር። እሷ ብታየኝ፣ «ምን ያቅበጠብጥሃል? አንድ ቦታ ቁም!» ትለኝ ነበር። ይህን የምትለኝ ደግሞ ራሷ ቁጭ ብላ እህል በልታ የማታውቅ ሴት ናት።

አዋላጅ ነርስ ሆኜ እንደተመረቅሁ መጀመሪያ የተመደብኩት ከጉና ሥር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ማዋለጃ ክፍሉን የምትመራው ሲስተር ብርቄ ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም። ምሳዋን ግቢውን እየዞረች ነው የምትበላው። የጋዋኗ ኪስ የገብስ ቆሎ አያጣም፤ ስትቆጣ ትቆረጥማለች፣ ሲደላትም ትቆረጥማለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ ቀን አንቱ ብላት፣ «አላረጀሁም፤ አንቺ በለኝ» ብላ ጮኸችብኝ። አገሬው ደግሞ እኔን ጢሜ ገና ሳይወጣ «ዶክተር» አለኝ። እሷ ያን ሁሉ ዘመን አዋልዳም «ሲስተር» ናት። ወንድ ልጅ ነጭ ከለበሰ ዶክተር ነው፣ በቃ። ይህን ታውቃለችና ሰው ሲሰማ ጠብቃ፣ «ዶክተር! ና እስቲ ይህን ወለል ወልውል!» ትለኛለች።

የሚገርመው፣ የሴትና የወንድን ወግ ከእሷ በላይ የሚያጠብቅ አልነበረም። እሷ ራሷ ባል ያላገባች፣ ሱሪ ለብሳ በቅሎ የምትጋልብ፣ ዘበኛውንም ሊቀመንበሩንም የምታሯሩጥ፣ አገሬው ከጀርባዋ «ወንዳወንድ» የሚላት ሴት! ወግ ያፈረሰባት ግን ወየውለት። «ሴት ሴቱን፣ ወንድ ወንዱን ያርግ» ትላለች። ልጅ ሲወለድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። እልል የምትለው እሷ ናት፤ ድምፅዋ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ድንች የሚኮተኩቱት ዘንድ ይደርሳል። እነሱም ዶማቸውን ተደግፈው ይቆጥራሉ። አንዴ፣ «ለሴቷ ለምን ያንሳል?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ ነኝ እንዴ የወሰንኩት? አውቃለሁ የምሠራውን» አለችኝ። «አውቃለሁ» ከአፏ የማይለይ ቃል ነበር።

ዶሮውን ሳልናገር አላልፍም። ሴት ዶሮ አታርድም፤ ይህንንም አጥብቃ ትይዛለች። የፋሲካ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረሁት ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ በደም ስጨማለቅ የምውል ሰው አንድ አውራ ዶሮ ማረድ አቃተኝ። ዶሮው አምልጦ መድኃኒት ክፍል ገባ። ሲስተር ይዛው ተመለሰችና፣ «ቢላዋውን ያዝ» አለችኝ። ያዝኩ። የራሷን እጅ ከእጄ ላይ ጫነች። «በስመ አብ በል!» አልኩ። እጁ የእኔ፣ ጉልበቱ የእሷ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ይኸው፤ ወንድ ነው ያረደው» አለች። ስቄ ልሞት ነበር። ወግ ሲጠብባት ሳታፈርሰው ማለፊያ ትፈልግለታለች ማለት ነው፤ ይህ ኋላ ለትልቅ ነገር በጀን።

አዝመራ የምትባል ልጅ እግር ከጉና ከፍታ በቃሬዛ የወረደችው በዚያ ዓመት ነው። ባሏ ማሩና አማቷ እመት ትርንጎ አጅበዋት መጡ። ምጡ ደህና ነበር። ሲስተር ልጁን ተቀበለች፣ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ልጁን አየችው፣ አፏን ዘጋች። እኔም አየሁ። አካሉ ወንድ ነው ለማለትም ሴት ናት ለማለትም የሚያስቸግር ነበር። ትምህርት ቤት ይህን ነገር በአንድ ገጽ ነው ያለፍነው፤ አስተማሪያችንም አፍሮ ነው መሰል እየሮጠ ነው ያለፈው።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች አዝመራ ከአልጋው ቀና ብላ። ሲስተር ልጁን ደረቷ ላይ አስተኛችላትና፣ «ጤነኛ ነው፤ ያዢው» አለቻት። እልልታው ግን አልወጣላትም። ስንት ይባላል? ሦስት ብትል ልትሳሳት ነው፣ ሰባት ብትልም ልትሳሳት ነው።

የጨቅላ ለቅሶ ከጤና ጣቢያው ግንብ አያልፍም፤ እልልታ ነው የሚያልፈው። እልልታ ቀረ ማለት ደግሞ በእኛ አገር ልጁ ሞቷል ማለት ነው። ውጭ ያሉት ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ከዚያ እመት ትርንጎ «ወየው ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ማሩ ግንቡን ተደግፎ እንደ ሕፃን አነባ። ለቅሶውን የሰሙ የማዶ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መምጣት ጀመሩ። በሕይወት ላለ ልጅ ለቀስተኛ ገባ!

ሲስተር እየሮጠች ወጣች። «ኧረ ዝም በሉ! ልጁ ደህና ነው!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። እመት ትርንጎ እንባቸውን ሳይጠርጉ፣ «ምን ወለደች ታዲያ?» አሉ።

«ልጅ።»

«ልጅማ ልጅ ነው። ምን?»

«አላውቅም፣ እመት» አለች ሲስተር። ያን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አላውቅም ብሎ ማደር ግን ቀላል አይደለም። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሱት። ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ታነሳለች። እናቲቱም ከአራስ ቤት የምትወጣው በልጁ ቀን ነው። ጥምቀት ደግሞ አንዴ ነው፤ ተሳስተን ነበር ተብሎ አይደገምም። ማሩ ጭንቅ ገባው። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ጉና ወጣና፣ እግዜር እስኪገልጠው ማንም አያየውም ብሎ በሩን ዘጋ።

ሲስተር ከዚያ ቀን ወዲህ አላስቀምጥ አላት። ከበር እስከ በር ትመላለሳለች፣ ቆሎዋን ትቆረጥማለች፣ ቆማ ታስባለች። በመጨረሻ ደብረ ታቦር ላለ ሐኪም ደወለች። ሐኪሙ እንዲህ ባለ ልጅ አንዳንዴ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ታሞ እንደሚሆን ነገራት። እጢው ገና በማህፀን ሳለ የአካሉን ቅርጽ ያዛባል፤ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ጨው ከሰውነቱ አሟጦ ሊገድለው ይችላል። ስልኩን ዘጋችና፣ «በቅሎውን ጫን» አለችኝ።

ማሩ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። «አራስ ቤት ነው፤ አይገባም» አለ።

«አዋላጅ አራስ ቤት ካልገባ ማን ሊገባ ነው?» ብላ ገፍታው ገባች።

ልጁ እናቱ ጡት ላይ ነበር፤ አይጠባም። «የጠባውን ሁሉ ይተፋዋል» አለች አዝመራ። ሆዱ ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደተጨማደደ ቀረ። ልጁ እየሞተብን ነበር።

«ሆስፒታል እንወስደዋለን፣ አሁኑኑ» አለች ሲስተር።

«ወስዶ ለአገር ሊያሳይ?» አለ ማሩ። «እናቱስ በየትኛው ቀኗ ነው የምትወጣው? በአርባዋ ነው በሰማንያዋ? ንገሪኛ!»

«አላውቅም አልኩህ።»

«የማታውቂ ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ሲስተር ያችን ጠባብ ቤት ሁለቴ ዞረቻት። «ማሩ፣ አንተ ከብት አርቢ ነህ። መንታ ጥጃ አይተህ አታውቅም? ከወይፈን ጋር የተወለደች ጊደር?»

«አይቻለሁ። አትወልድም። መልኳም ወደ ወይፈን ያደላል።»

«ምን አደረግሃት?»

«ምን አደርጋታለሁ? ከከብቱ ጋር ትወጣለች፣ ትገባለች።»

«ብትታመምስ?»

«አሳክማታለሁ እንጂ!»

«ቤት ዘግተህ አልደበቅሃትም?»

ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ልጄን ከከብት ልታስተካክይብኝ ነው?»

«ከከብት አታሳንሰው ነው የምልህ!» ብላ ጮኸችበት።

የመለሰችው አዝመራ ናት። ተነሳች፣ ጋቢዋን ደረበች፣ ልጁን በጉያዋ ሸጎጠች። «እኔ እወርዳለሁ። ቀኔን እግዜር ይቁጠርልኝ» አለች። ማሩ ሚስቱን ሳይሆን ጥግ የተቀመጡትን እናቱን አየ፤ እመት ትርንጎ ዱላውን አቀበሉትና፣ «ምን ቆመሃል? ተከተላት» አሉት።

ቤተ ክርስቲያኑ መንገዳችን ላይ ነበር። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሞላ ልጁን አንዴ አዩትና፣ «ለሞት የሚያሰጋ ሲሆን ቀን አይጠበቅም፤ አምጡት» አሉ። አዝመራ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ቀረች። ዲያቆኑ፣ «ማን ነው የሚያነሳው? ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ጠየቀ። ሲስተር እጇን ዘረጋች፤ ወዲያው መልሳ ሰበሰበችውና ወደ እኔ ዞረች። «ና ያዝ» አለችኝ፣ ልክ የዶሮው ጊዜ እንዳለችኝ አድርጋ። ያዝኩ። እጇን ከእጄ ላይ ጫነች። ቄስ ሞላ ቀና ብለው አራቱን እጅ አዩና ጸሎታቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ሆኖ ልጁ የክርስትና አባትም የክርስትና እናትም አገኘ። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ሲስተር አላለቀሰችም፣ ልጁን እያደራረቀች «ቶሎ በሉ» ትል ነበር።

አምቡላንሱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል ተባለ። አስፓልት ድረስ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ ወረድን። ደብረ ታቦር ግሉኮስና ጨው ሰጡት፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈለት። ልጁ ተረፈ። ሐኪሙ፣ ዕድሜ ልኩን ኪኒን ይውጣል አለ።

«ወንድ ነው ሴት?» አለ ማሩ።

«ደሙ ይመረመራል፤ ደሙ የሚናገረውን ይናገራል። የቀረውን አድጎ ራሱ ይነግራችኋል። እስከዚያ ማንም ቢላ እንዳያስነካው።»

«እስከዚያ ምን ብዬ ልጥራው?»

ይህን የፈቱት እመት ትርንጎ ናቸው። የወንድም የሴትም የሆነ ስም አወጡ፤ እዚህ ደስታ ብዬዋለሁ። መጥራቱን ደግሞ በአንቱ አደረጉት። «እኛ ያልደረስንበትን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ነው፤ አንቱ ማለት ይገባል» ብለው ጨቅላውን «ጠቡ? ተኙ?» ይሉት ጀመር። መንደሩ ሳቀ፣ ሳቀና ለመደው። እኔም ከእሳቸው ተምሬ ደስታን አንቱ እላለሁ።

ሲስተር ግን ተለወጠች። ከደስታ በኋላ ለተወለደ ሁሉ ሰባት ጊዜ እልል ማለት ጀመረች፤ ለወንዱም ለሴቷም። አገሩ ተደናገረ። አንድ አማት፣ «ሰባት ቆጥረን በግ ጎትተን መጣን፤ ሴት ናት አላችሁን!» ብለው አኮረፉ። «በጉን መልሰው ይውሰዱት ታዲያ» አለቻቸው። «እልል የምለው ለእናቲቱ ነው። ምጥ የሦስትና የሰባት አለው እንዴ?» ሥራዋን ወደ ደብረ ታቦር ካዛወረች በኋላም አልተወችውም፤ «ባለ ሰባቷ» ያሰኛት ይኸው ነው። «አውቃለሁ» ማለትም ቀረ። «አላውቅም፤ እናያለን» ሆነ ቃሏ።

የደስታ ኪኒን ሲጠፋ ጎንደር ታፈላልጋለች፣ ባሕር ዳር ታፈላልጋለች፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካየች ታስቸግራለች። ሲገኝ ራሷ ይዛ ጉና ትወጣለች። የደስታ ኑሮ ቀላል አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ወንዶቹ በአንድ በኩል ሴቶቹ በሌላ ሲቆሙ፣ ደስታ ከዛፉ ሥር ይቆማሉ። ትምህርት ቤት ሽንት ቤቱ ሁለት በር ስለሆነ ይዘው ይውሉና ቤት ሲደርሱ ይሮጣሉ። ልጆች «ወንዳገረድ» ብለው ይሰድቧቸዋል። ማሩ አንዴ እንዲህ ያለውን የጎረቤት ልጅ ሊመታ ሲሮጥ ሲስተር ራሷ ነች የያዘችው።

«አንቺ መቼም ማወቅ ያሳክክሻል፤ ለምን ደስታን አትጠይቂያቸውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ያሳክከኛል እንጂ! ግን እኔ ከጠየቅሁ መልሱንም የምሰጥ እኔው ነኝ። ሲፈልጉ ይንገሩን።» ትንሽ ተራመደችና ተመለሰች። «የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አገሩን ሁሉ እልል ብዬ ተቀብዬ ያን ልጅ በለቅሶ ተቀበልኩት። የነገሩን ቀን ግን ያችን የቀረች እልልታ እላታለሁ።»

ሳይነግሯት ሞተች።

ለአርባዋ ወጣሁ። ቄስ ሞላ በጣም አርጅተዋል፤ በሁለት ሰው ተደግፈው ፍትሐቱን አደረሱ። ሲጨርሱ አዩኝና፣ «ሰማንያዋንም እንዳትቀር» አሉኝ። «አርባና ሰማንያ የሚለያየው ሲወለዱ ነው፤ ሲሞቱ ሁሉም ሁለቱን ያገኛል።» ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ለሲስተር ሮጬ ልነግራት አማረኝ። የምነግራት የለችም።

ደስታ መጥተው ነበር። ቁመታቸው ከእኔ በልጧል። ኪኒናቸውን አሁን የማደርሰው እኔ ስለሆንኩ አብረን ወደ ቤታቸው ዳገቱን ወጣን። እኔ ዝምታ አልችልም፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለማያገባኝ ሁሉ ለፈለፍኩ።

«እሷ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም» አሉ በመካከሉ።

«ትጠብቅ ነበር።»

«አውቃለሁ። አሁን ስትመጣ ልነግራት አስቤ ነበር።» ቆሙ። «እርስዎ የክርስትና አባቴ ነዎት። ለእርስዎ ልንገርዎት።»

ነገሩኝ። በአጭሩ፣ ዐይኔን እያዩ፣ ሳይፈሩ ነገሩኝ። የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የራሳቸው ነው። ደስ አለኝ፣ ደግሞ አዘንኩ፤ ይህን ሰዓት ስትጠብቅ የኖረችው ሴት አፈር ውስጥ ናት። ዙሪያዬን አየሁ። መንገዱ ላይ አንዲት ሴት እንኳ የለችም።

«አሁን እልል መባል ነበረበት» አልኩ። «ማን ይበልልን?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«ወንድ እልል አይልም።»

ደስታ ቅንድባቸውን አነሱብኝ።

አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያው እንደ ቀበሮ ጩኸት ወጣ። ደስታ ሳቅ አፍኗቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለተኛውም አልተሻለም። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ተከፈተ፤ ሦስተኛው ላይ ግን አላቆምኩም። እንባዬ እየወረደ፣ ትንፋሼ እየተቆረጠ ሰባቱን ጨረስኩ።

ከመንገዱ በታች ካለ ቤት አንዲት ሴት ዱቄት የነካው እጇን እያራገፈች ወጣች። ሽቅብ ተጣራች።

«ኧረ ማነው? ምን ተወለደ?»

ደስታ ከድንጋዩ ተነሱ። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ!»